532 ከምን ተሠራ?

ኮምቦልቻ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ሴራሚክ ሊገዛ ሲወጣ የክፍሉን ልክ በወረቀት ይዞ ነው። ክፍሉ 3 ሜትር ከ60 በ4 ሜትር ከ80 ነው እንበል። ሱቁ ውስጥ ባለ 60፣ ባለ 40 እና ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ካሬ ሴራሚክ ተደርድሯል። ከእነዚህ የትኛው ሳይቆረጥ ይገጥማል ቢባል መልሱ ሦስቱም ነው። የጎረቤቱ ግንበኛ ደግሞ «ትንሽ ሰፋ ቢል ይሻላል» ብሎ ክፍሉን 3 ሜትር ከ70 በ4 ሜትር ከ90 አድርጎታል። እዚያ ቤት ከሦስቱ አንዱም አይገጥምም። በሁለት ግድግዳ ሥር ቁራጭ መግባቱ ግድ ነው፤ መቁረጫው ሲጮህ ይውላል፣ የሚሰበረውም በባለቤቱ ኪስ ነው። የፉጋውን ክፍተት ለጊዜው እንተወውና፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት በየጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ይህን ያህል ነገር እንዴት ያበላሻል?

ጉዳዩ የቁጥሩ ትልቅነት ወይም ትንሽነት አይደለም። 360፣ 480፣ 370 እና 490 ከውጭ ሲታዩ ሁሉም በዜሮ የሚጨርሱ፣ ደህና የሚመስሉ ቁጥሮች ናቸው። ልዩነታቸው የሚወጣው እያንዳንዱ በየትኞቹ ቁጥሮች ብዜት እንደተገነባ ሲታይ ነው። በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል «የ84ን አካፋዮች ጻፉ» ሲባል ብዙዎቻችን ጽፈን ያለፍነው ትምህርት ይኸው ነው። ያኔ ለምን እንደሚጠቅም የነገረን ሰው አልነበረም እንጂ ሴራሚኩም፣ የግድግዳ ላይ የዘመን መቁጠሪያውም፣ በስልክ የምንልከው ብርም በዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው።

አንድ ሙሉ ቁጥር ሌላውን ያለ ቀሪ ካካፈለው አካፋዩ ይባላል። 5 የ60 አካፋይ ነው፤ 60 ለ5 ሲካፈል 12 ይደርሳል፣ የሚተርፍ የለም። 7 ግን አይደለም፤ 60 ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል። አካፋዮችን ለመፈለግ ከ1 እስከ 60 እያንዳንዱን መሞከር አያስፈልግም፤ አካፋዮች ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። 5 ሲገኝ 12ም አብሮ ተገኘ ማለት ነው። ከ1 ጀምረን ስንወጣ 1 በ60፣ 2 በ30፣ 3 በ20፣ 4 በ15፣ 5 በ12፣ 6 በ10 እናገኛለን። 7 አይሆንም። 8 ላይ ስንደርስ 8 በ8 ራሱ 64 ነው፤ 60ን አልፏል። እዚህ ላይ ይቆማል። ከዚህ በላይ ያለ አካፋይ ካለ ጥንዱ ከ8 በታች መሆን አለበት፤ ከ8 በታች ያሉትን ደግሞ ጨርሰናቸዋል። 60 አሥራ ሁለት አካፋዮች አሉት፤ እነሱንም ያገኘነው ሰባት ሙከራ ብቻ አድርገን ነው።

ደሴ ውስጥ 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል የሚያስተምር መምህር ይህን ሳያሰላው ያውቀዋል። በስድስት በስድስት ሲከፋፈሉ አሥር የ«አንድ ለአምስት» ቡድን ይወጣል። በአራት፣ በአምስት፣ በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ቢልም ይሳካለታል። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ቀይሮ ሄደና 59 ቀሩ እንበል። አሁን በሁለት ቢሞክር አንድ ይተርፋል፤ በሦስት ቢሞክር ሁለት፤ በአምስት አራት፤ በሰባት ሦስት። 8 በ8 ከ59 ስለሚበልጥ ሙከራው አልቋል፤ 59ን ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ በትክክል ሁለት አካፋይ ብቻ ያለው። በሄደው ልጅ ፋንታ ሁለት አዲስ ቢመጡና 61 ቢሆኑም መምህሩ ከችግር አይወጣም፤ 61ም ብቸኛ ነው። 60 በሁለት ብቸኞች መካከል ነው የተቀመጠው። 57 ደግሞ ሲያዩት ብቸኛ ይመስላል፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሳሳትበት ቁጥር ነው። ነገር ግን 3 ጊዜ 19 ነው።

የቢራም የለስላሳም ሳጥን 24 ጠርሙስ የሚይዘው ቁጥሩ ለመካፈል ስለሚመች ነው። 24 በአራት ረድፍ ስድስት ስድስት ሆኖ ይደረደራል። 23 ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ ወይ አንድ ረጅም ረድፍ መሆን፣ ወይ አንድ ባዶ ጉድጓድ መያዝ ነበረበት። ቀኑ 12 ሌሊቱም 12 ሰዓት፣ ሰዓቱ 60 ደቂቃ፣ ክቡ 360 ዲግሪ የሆነውም ሰዎች ለመካፈል የሚመቹ ቁጥሮችን ከጥንት ጀምሮ ሲመርጡ ስለኖሩ ነው።

ያለ ወረቀት ለመሞከር የሚረዱ ጥቂት መንገዶች አሉ። መጨረሻው 0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ከሆነ ለ2 ይካፈላል፤ 0 ወይም 5 ከሆነ ለ5 ይካፈላል። ለ3 ግን የመጨረሻው አኃዝ ምንም አይነግርም፤ አኃዞቹን መደመር ነው። 2019ን እንያት፤ 2 ሲደመር 0 ሲደመር 1 ሲደመር 9፣ 12 ነው። 12 ለ3 ስለሚካፈል 2019ም ይካፈላል፤ 3 ጊዜ 673 ነው። ይህ የሚሆነው 1000 ማለት 999 እና 1፣ 10 ማለት ደግሞ 9 እና 1 ስለሆነ ነው። 999ም 9ም ለ3 ያለ ቀሪ ያልቃሉ፤ የሚቀሩት እንግዲህ አኃዞቹ ራሳቸው ናቸው። የእነሱ ድምር ለ3 ካለቀ ሙሉው ቁጥር ያልቃል። ለ9ም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ለ7 ግን ቀላል ዘዴ አለ ቢሏችሁ አትመኑ፤ ያሉት ዘዴዎች ከማካፈሉ ይልቅ ያደክማሉ።

ዓመቶቻችንን በዚህ ዓይን ማየት ደስ ይላል። 2017 ዓ.ም. ብቸኛ ቁጥር ነበር። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው በዓመተ ዓለም ሲሆን 5500 ተጨምሮበት 7517 ይሆናል፤ እሱም ብቸኛ ነው። በቀጣዩ ዓመት ነገሩ ተገለበጠ፤ 2018 ራሱ 2 ጊዜ 1009 ሲሆን፣ 7518 ደግሞ 2 ጊዜ 3 ጊዜ 7 ጊዜ 179 ነው። 2021 ሲመጣ ብቸኛ የሚመስላቸው ብዙዎች ይሆናሉ፤ ግን 43 ጊዜ 47 ነው። ቀጣዩ ብቸኛ ዓመት 2027 ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንግባ። 360ን ለ2 ስናካፍለው 180፣ እንደገና ለ2 ስናካፍለው 90፣ ደግሞ ለ2 ስናካፍለው 45 ይደርሳል። 45 ለ2 እምቢ ይላል። ለ3 ስናካፍለው 15፣ እንደገና ለ3 ስናካፍለው 5። 5 ብቸኛ ነው፤ ከዚህ በታች መውረጃ የለም። 360 ማለት እንግዲህ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3 ጊዜ 3 ጊዜ 5 ነው። ሥራው ይኸው ነው፤ ከትንሹ ብቸኛ ቁጥር ጀምሮ እስኪያቅት ማካፈል፣ ሲያቅት ወደሚቀጥለው ብቸኛ መሄድ።

480ን በዚሁ መንገድ ብናወርደው አምስት 2ዎች፣ አንድ 3 እና አንድ 5 እናገኛለን። ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥና የሚጋሩትን እናውጣ፤ ሦስት 2ዎች፣ አንድ 3፣ አንድ 5። ብዜታቸው 120 ነው። ይህ የ360 እና የ480 ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። 60ም፣ 40ም፣ 30ም የ120 አካፋዮች ስለሆኑ በክፍሉ ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ይገጥማሉ። የጎረቤትየው 370 ግን 2 ጊዜ 5 ጊዜ 37 ነው፤ 490 ደግሞ 2 ጊዜ 5 ጊዜ 7 ጊዜ 7። የሚጋሩት አንድ 2 እና አንድ 5 ብቻ ነው፤ 10። ያንን ክፍል ሳይቆረጥ የሚሸፍነው ትልቁ ካሬ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ ለመኝታ ቤት ማን ያነጥፋል? ሥራውን ያበላሹት 37 እና ሁለቱ 7ዎች ናቸው። ልምድ ያለው ሠራተኛ «ልኩ ለ60 የሚካፈል ይሁን» ሲል ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገሩ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ተማሪዎች ሳይገረሙበት ያልፉታል። 360ን ከ2 ባንጀምር፣ 36 ጊዜ 10 ብለን ብንሰነጥቀው፣ ወይም 18 ጊዜ 20፣ ወይም 8 ጊዜ 45፣ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ስናወርደው ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት 2ዎች፣ ሁለት 3ዎች እና አንድ 5 ይወጣሉ። ደሴ ያለው ተማሪ በአንድ መንገድ፣ ኮምቦልቻ ያለው በሌላ መንገድ ቢሠራ፣ ካልተሳሳቱ መልሳቸው አንድ ነው። ከ1 በላይ ለሆነ ለማንኛውም ሙሉ ቁጥር እንዲሁ ነው። 1 ከብቸኛ ቁጥሮች ተራ የማይቆጠረውም በዚህ ነው፤ ቢቆጠር ኖሮ 360 ላይ አንድ 1፣ ሁለት 1፣ መቶ 1 እየጨመሩ የፈለጉትን ያህል «የተለያየ» መልስ መጻፍ ይቻል ነበር።

ለዚህ መሠረቱን የጣለው ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ዩክሊድ ነው፤ በዛሬው አገላለጽ ተሟልቶ የቀረበው ግን ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የእስክንድርያው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴነስ ደግሞ ብቸኞቹን ሰብስቦ ማውጫ መንገድ በስሙ ተርፎለታል። ከ2 እስከ 100 ጻፉ። 2ን ተዉና የ2ን ብዜቶች ሁሉ ሰርዙ፤ 3ን ተዉና የ3ን ብዜቶች፤ ቀጥሎ የ5ን፣ የ7ን። 11 ላይ ሲደርሱ 11 ጊዜ 11 ከ100 ስለሚበልጥ ሥራው አልቋል። ያልተሰረዙት 25 ቁጥሮች ናቸው፤ እስከ 100 ያሉት ብቸኞች በሙሉ እነሱ ናቸው። ልጅ ላለው ሰው የአንድ ከሰዓት መልካም ጨዋታ ነው፤ እርሳስና ባለ ካሬ ወረቀት ይበቃል።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ ላይ በሄድን ቁጥር እየሳሱ ይመጣሉ፤ ግን አያልቁም። ዩክሊድ ያሳየበት መንገድ ዛሬም ከሒሳብ ውብ ክርክሮች አንዱ ነው። ብቸኞቹ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ብቻ ናቸው የሚል ሰው ቢመጣ፣ ስድስቱን አባዝተን 1 እንጨምርበታለን፤ 30031። ይህ ቁጥር ለስድስቱም ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይቀራል። ስለዚህ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይ ከስድስቱ ውጭ የሆነ ብቸኛ አካፋይ አለው። እንደ እውነቱ 59 ጊዜ 509 ነው። ሰውየው ዝርዝሩን ቢያስረዝምም ያው ክርክር ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው ትልቁ የታወቀ ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አኃዝ አለው፤ ከእሱ በላይም ሌሎች መኖራቸው ከዩክሊድ ጀምሮ የተረጋገጠ ነው።

አንዴ ወደ ብቸኞች የወረደ ቁጥር ስንት አካፋይ እንዳለው ሳይቆጥሩ ማወቅ ይቻላል። በ360 ውስጥ 2ን ምንም ሳንወስድ፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ልንወስድ እንችላለን፤ አራት ምርጫ። 3ን በሦስት ዓይነት፣ 5ን በሁለት። 4 ጊዜ 3 ጊዜ 2፣ 24 አካፋይ። አሥራ ሁለቱ ባለ 30 ቀን ወሮቻችን 360 ቀን ናቸው፤ ለመካፈል እጅግ የሚመቹ። አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ሲጨመሩ ግን 365 ይሆንና 5 ጊዜ 73 ብቻ ይቀራል፤ አካፋዮቹ 1፣ 5፣ 73 እና 365 ናቸው፣ አለቀ። የዓመት በጀትን በቀን ለመሸንሸን የሞከረ የሒሳብ ሠራተኛ 73ን ሊወደው አይችልም።

ማባዛት ቀላል፣ መነጠል ግን ከባድ መሆኑ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። 83 ጊዜ 97ን ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጅ 8051 ብሎ ያወጣዋል። 8051ን ሰጥታችሁ «ከምን ተባዝቶ መጣ?» ብትሉት ግን ብዙ ወረቀት ያባክናል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚር እና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ከዚህ መቆለፊያ ሠሩ። ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝቶ ውጤቱን ለሁሉም መስጠት ይቻላል፤ መልእክቱን የሚከፍተው ግን ሁለቱን የሚያውቅ ብቻ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ምስጢር ከሚጠበቅባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ለፈተና ከቀረቡት ቁጥሮች መካከል 250 አኃዝ ያለው እ.ኤ.አ. በ2020 በብዙ ኮምፒውተሮች ጉልበት ተነጥሏል፤ በሥራ ላይ የሚውሉት ዛሬ 617 አኃዝ ያህል አላቸው።

ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ሌላ ነው፤ ሁለት የየራሳቸውን ጊዜ ጠብቀው የሚመላለሱ ነገሮች መቼ እንደሚገናኙ ማወቅ። አንድ እቁብ በየ10 ቀኑ፣ ሌላው በየ15 ቀኑ ይወጣል። ዛሬ ሁለቱ አንድ ቀን ከዋሉ እንደገና የሚገጥሙት ከ150 ቀን በኋላ አይደለም፤ ከ30 ቀን በኋላ ነው። 10 ማለት 2 ጊዜ 5፣ 15 ማለት 3 ጊዜ 5 ነው። 5ን ስለሚጋሩት አንዴ ብቻ ይቆጠራል፤ 2 ጊዜ 3 ጊዜ 5፣ 30። ይህ ትንሹ የጋራ ብዜት ነው። የሚጋሩት ነገር ባይኖራቸው ኖሮ በሙሉ ማባዛት ነበረብን።

ደሴ ሰኞ ገበያ የሚል ሰፈር አላት። ሰኞ በ7 ቀን ይመላለሳል፤ 7 ብቸኛ ነው። የሚካኤል ወርኃዊ በዓል ደግሞ በየ30 ቀኑ በ12 ይውላል፤ 30 ማለት 2 ጊዜ 3 ጊዜ 5። 7 እና 30 የሚጋሩት ምንም የለም፤ ስለዚህ ሰኞና ሚካኤል አንድ ላይ ከዋሉ በኋላ እንደገና ለመገናኘት 210 ቀን፣ ማለትም ሰባት ወር ይፈጅባቸዋል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 12 ሰኞ ነበር። ጥቅምት 12 ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12 እሑድ፣ ጥር 12 ማክሰኞ፣ የካቲት 12 ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12 ሰኞ። ሁለት ሁለት ቀን እየዘለለ ሰባቱንም ቀን አዳርሶ ተመለሰ። አንዱንም አላስቀረም፤ አንዱንም አልደገመም። የማይጋሩ ቁጥሮች ሲገናኙ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጳጉሜን ስትመጣ ይህን ሰልፍ ታዛባዋለች፤ ግን እሷም የራሷ ሕግ አላት።

ያንን ሕግ እስከ ጫፍ የወሰዱት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ናቸው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት ያቆሙበት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን ስሌት፣ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ ትውፊቱም መነሻውን የእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለነበረው ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የዩክሊድም የኤራቶስቴነስም ከተማ ያችው እስክንድርያ ናት። ድሜጥሮስ ግን በትውፊቱ የወይን ገበሬ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም፤ ስሌቱ በጸሎት እንደተገለጠለት ነው የሚነገረው።

ስሌቱ የሚያገናኛቸው ሦስት ዑደቶች ናቸው። አንደኛው 4 ዓመት ነው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባለ የሚዞረው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ሁለተኛው 7 ነው፤ የሳምንቱ ቀናት። ሦስተኛው 19 ዓመት ነው፤ ፀሐይና ጨረቃ ተራርቀው እንደገና የሚታረቁበት። ዐውደ አበቅቴ ይባላል።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት በሆኑበት በወሎ ትርጉሙ እጥፍ ነውና። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365። ልዩነቱ 11 ነው። ረመዳን ከዓመት ዓመት በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ የሚመጣው፣ ክረምቱንም በጋውንም እያዳረሰ በ33 ዓመት አካባቢ ዓመቱን የሚዞረው በዚህ ነው። ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ያንኑ 11 ይዞ አበቅቴን ያወጣል። ዓመተ ዓለምን ለ19 ማካፈል፣ ከቀሪው 1 መቀነስ፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 ማባዛትና 30 ሲሞላ 30ውን መጣል፤ የቀረው አበቅቴ ነው። ለ2018፣ 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ ወንበሩ 12። 12 ጊዜ 11፣ 132፤ አራት ጊዜ 30 ሲወጣለት 12 ይቀራል። አበቅቴ 12፣ ከ30 ሲጎድል መጥቅዕ 18። አንዱ ጎረቤት 11ዱን ትቶት ጾሙ በዓመቱ ውስጥ እንዲዞር ያደርገዋል፤ ሌላው 11ዱን ቆጥሮ ፋሲካውን ከፀደይ አያስወጣም። ቁጥሩ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ሦስቱን ዑደቶች እንነጥላቸው። 4 ማለት 2 ጊዜ 2 ነው። 7 ብቸኛ ነው። 19 ብቸኛ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ እንኳን የሚጋሩት አካፋይ የለም፤ ስለዚህ መገናኛቸው ሙሉ ብዜታቸው ነው። 4 እና 7 በ28 ዓመት ይገናኛሉ፤ ዐውደ ፀሐይ። 4 እና 19 በ76 ዓመት፤ ዐውደ ማኅተም። ሦስቱም አንድ ላይ በ532 ዓመት፤ ዐውደ ቀመር። ከላይ ወደ ታች ብንሄድ፣ 532 ለ2 ሲካፈል 266፣ ለ2 ሲካፈል 133፣ ለ7 ሲካፈል 19። አንዱ ዑደት ከሌላው ጋር አካፋይ ቢጋራ ኖሮ መገናኛው ያጥር ነበር። 19 በ18 ቢተካ፣ 18 ከ4 ጋር 2ን ስለሚጋራ፣ 532 የሚያህለው ዘመን ወደ 252 ይወርድ ነበር።

ይህን በቤታችሁ ባለ አሮጌ የዘመን መቁጠሪያ መፈተን ይቻላል። ከ2018 ላይ 28 ስንቀንስ 1990 ነው። የ1990 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፤ የ2018ም ሐሙስ። ሁለቱም ዘመነ ማርቆስ ናቸው፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን እያንዳንዱ ቀን በሳምንቱ ተመሳሳይ ቀን ይውላል። የ1990 መቁጠሪያ ያለው ሰው ለገበያውና ለእቁቡ አንሥቶ ቢሰቅለው አይሳሳትም። ለፋሲካ ግን ይሳሳታል፤ በ1990 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ሲሆን በ2018 ሚያዝያ 4 ነው፤ 28 ውስጥ 19 የለችምና። ወደ ኋላ 19 ብንቆጥር 1999 ላይ እንደርሳለን። አበቅቴው ያው 12 ነው፤ የሳምንቱ ቀን ግን አልገጠመም፣ ፋሲካም መጋቢት 30 ዋለ። ፋሲካ በሌላ አበቅቴ በአጋጣሚ በዚያው ቀን የሚውልበት ዓመት አለ፤ ሦስቱም ዑደቶች ከነሙሉ ሥርዓታቸው የሚገጥሙት ግን በ532 ብቻ ነው።

ከ2018 ላይ 532 ሲቀነስ 1486 ዓ.ም. ይመጣል። የሐይቅ ትምህርት ቤት ያኔ ራሱ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። የዚያ ዓመት መስከረም 1 ሐሙስ፣ ወንጌላዊው ማርቆስ፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18፣ ፋሲካው ሚያዝያ 4 ነው። ስሌቱ ሳይነካ ከቀጠለ 2550 ዓ.ም. ላይም እንዲሁ ይሆናል።